«ወርዷል» የሚባለው አኒሜ፦ የተመልካች አስተያየት ከምን ከምን ይሠራል?

በጥቅምት 2018 ዓ.ም. «ዋን ፓንች ማን» የተባለው የጃፓን ተከታታይ ሦስተኛ ምዕራፉን ሲጀምር ተመልካቹ ስድስት ዓመት ጠብቆት ነበር። ጥበቃው ግን በደስታ አላለቀም። አንድ ገጸ ባሕርይ ቁልቁለት ሲወርድ እጅና እግሩ ሳይንቀሳቀስ ሥዕሉ እንዳለ ወደ ታች ሲንሸራተት የሚያሳይ ቅንጭብ ከአንዱ ማኅበራዊ ገጽ ወደ ሌላው እየተሻገረ መሳቂያ ሆነ። ተመልካቾች ነጥብ በሚሰጡባቸው ገጾችም ተከታታዩ ለዝናው በማይመጥን መጠን አሽቆለቆለ። በደብረ ብርሃን፣ በሸዋ ሮቢት ወይም በመሐል ሜዳ አኒሜ የሚከታተሉ ወጣቶች እንዲህ ዓይነቱን ነገር የሚገልጹት በአንድ ቃል ነው፦ «ወርዷል»።

ቃሉ አጭር ቢሆንም የተሸከመው ብዙ ነው። ሥዕሉ ተበላሽቷል ለማለት ያገለግላል፤ ታሪኩ ቀዝቅዟል ለማለትም፣ የተሰጠው ነጥብ ቀንሷል ለማለትም እንዲሁ። የሦስቱ ምክንያት ግን ለየቅል ነው፤ አንዱን በሌላው ማስረዳት አይቻልም። ከዚያም አልፎ፣ ስለ አንድ ክፍል የሚከራከሩ ሁለት ሰዎች ያዩት ሥዕል አንድ ላይሆን ይችላል። ክርክሩ መቋጫ የሚያጣው ብዙውን ጊዜ ተከራካሪዎቹ ስለ ጣዕም ስለማይስማሙ ሳይሆን፣ ስለ ምን እንደሚከራከሩ አስቀድመው ስላልለዩ ነው።

ስለ ቃላቱ ጥቂት

በጃፓን «አኒሜ» ማለት ከየትኛውም አገር የመጣ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ማለት ነው፤ ከጃፓን ውጭ ግን ቃሉ የጃፓኑን ብቻ ለይቶ ይጠራል። «ማንጋ» በሥዕል የሚተረከው የጃፓን መጽሐፍ ሲሆን አብዛኛው ዝነኛ አኒሜ ከእሱ ይወለዳል። የጃፓን ቴሌቪዥን የአኒሜ ዓመት አራት ወቅቶች አሉት፤ አዳዲስ ሥራዎች በጥር፣ በሚያዝያ፣ በሐምሌና በጥቅምት ገደማ ይጀምራሉ። አንድ ወቅት የሚሞላው 12 ወይም 13 ክፍል «ኩር» ይባላል። «ፊለር» በማንጋው ውስጥ የሌለ፣ ማንጋው እስኪቀድም ጊዜ ለመግዛት የሚገባ ክፍል ነው። «ሳኩጋ» በጃፓንኛ ሥዕል የመሣል ሥራ ማለት ብቻ ቢሆንም፣ አድናቂዎች እንቅስቃሴው ከሌላው ለይቶ የሚያምር ትዕይንትን ለመጥራት ይጠቀሙበታል።

ሥዕሉ ለምን ይቆማል?

ፊልም በአንድ ሰኮንድ 24 ፍሬም ያሳልፋል፤ ፍሬም ማለት አንዲት ቋሚ ምስል ናት። ለእያንዳንዱ ፍሬም አዲስ ሥዕል ይሣል ቢባል አንድ ደቂቃ 1,440 ሥዕል ይፈልጋል። አኒሜ ይህን አያደርግም፤ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ካቆየው በሰኮንድ 12፣ ለሦስት ካቆየው ደግሞ 8 ሥዕል ይበቃዋል። ይህን ማንም ሰው በራሱ ኮምፒውተር ማረጋገጥ ይችላል። ቪኤልሲ በተባለው ማጫወቻ ፊልሙን አቁሞ «ኢ» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ጭነት አንድ ፍሬም ወደ ፊት ይሄዳል። ሁለት ሰዎች ቆመው በሚነጋገሩበት ትዕይንት ላይ ቁልፉ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ሲጫን ምንም አይለወጥም፤ በአራተኛው አፍ ብቻ ይከፈታል። ፀጉሩ፣ ትከሻው፣ ከጀርባ ያለው ግድግዳ ንቅንቅ አይልም። ወደ ፍልሚያው ሲሻገሩ ደግሞ በየሁለት ጭነቱ መላ ሰውነቱ እንደ አዲስ ተሥሎ ይመጣል። በአንድ ክፍል ውስጥ ቁጥብነትና ልግስና እንዲህ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ቁጥብነቱ ዛሬ የመጣ አይደለም። የማንጋ ሥዓሊው ኦሳሙ ቴዙካ «አስትሮ ቦይ»ን እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1963 በፉጂ ቴሌቪዥን ሲጀምር በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት የሚሞላ ሥራ ማቅረብ ነበረበት፤ ይህም ሥዕል ደጋግሞ በመጠቀም፣ ቋሚ ምስል በማቆየትና አፍን ብቻ በማንቀሳቀስ ካልሆነ የሚታሰብ አልነበረም። ጣቢያው የሚከፍለው ገንዘብ ወጪውን ስለማይሸፍን ጉድለቱ በገጸ ባሕርዩ ምስል ከሚሸጡ ዕቃዎች ይሟላ ነበር። ከስልሳ ዓመት በኋላም የሙያው ሒሳብ በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ፊልሙ ብቻውን ራሱን አይችልም፤ ከሙዚቃ፣ ከአሻንጉሊት፣ ከመጽሐፍ ሽያጭ ጋር አብሮ ይቆማል።

ገንዘቡን የሚያዋጣውም ይህን ሁሉ የሚሸጠው ክፍል ነው። አሳታሚ፣ ቴሌቪዥን ጣቢያ፣ የሙዚቃ ኩባንያ፣ አሻንጉሊት አምራች፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ በኢንተርኔት ፊልም የሚያሳዩ ድርጅቶች ድርሻቸውን አዋጥተው የሚያቋቁሙት ማኅበር «የፕሮዳክሽን ኮሚቴ» ይባላል። ኪሳራ ሲመጣ በድርሻ ይከፋፈላል፤ ትርፍም እንዲሁ። ሥዕሉን የሚሠራው ስቱዲዮ ግን በኮሚቴው ውስጥ ገንዘብ ካላዋጣ፣ ሥራው የቱንም ያህል ቢሸጥ የሚያገኘው በውሉ የተቆረጠለትን ክፍያ ነው። አንዳንድ ስቱዲዮዎች ከዚህ ለመውጣት ይሞክራሉ፤ ማፓ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውን «ቼይንሶ ማን» ሙሉ በሙሉ በራሱ ገንዘብ መሥራቱ ለዚህ ተጠቃሽ ነው።

ክፍያ ከተቆረጠ፣ የማሳያው ቀንም ከታወቀ፣ የሚለጠጠውም የሚጠበበውም የሠራተኛው ጊዜ ነው። የሥራው ሂደት በንድፍ ይጀምርና ወደ ቁልፍ ሥዕሎች ይሻገራል። እነዚህን ተቆጣጣሪው ያርማቸዋል፤ በመካከላቸው ያለውን እንቅስቃሴ የሚሞሉ ሥዕሎች ይጨመራሉ፤ ከዚያ ቀለም ይቀባል፤ በመጨረሻም ሁሉም ከጀርባው ምስልና ከብርሃኑ ጋር ይዋሐዳል። የመንዝን ባና ወይም ዝተት ሲሠራ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ የበጉ ጠጉር ተሸልቶ፣ ተባዝቶና ተፈትሎ ካልደረሰ ሸማኔው ምንም ያህል ቢፈጥን ዋጋ የለውም፤ ፈታዮቹ የዘገዩበትን ቀን ሁሉ የሚከፍለው እሱ ነው። በአኒሜም መጀመሪያ ላይ የባከነው ሳምንት ሥራው ሲያልቅ አካባቢ ላሉት ሌሊት ይሆናል። ሥዕሉ የሚቆመው፣ ፊቱ የሚጣመመው እዚህ ላይ ነው።

«ዋን ፓንች ማን»ን በዚህ ዓይን ስንመለከት ነገሩ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የመጀመሪያው ምዕራፍ የማድሃውስ ስቱዲዮ ስም አለበት፤ ጥራቱን የሰጡት ግን ዳይሬክተሩ ሺንጎ ናትሱሜ በትውውቅ ያሰባሰቧቸው፣ ብዙዎቹ የስቱዲዮው ቋሚ ሠራተኛ ያልነበሩ ሥዓሊዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለተኛው ምዕራፍ ወደ ጄ.ሲ. ስታፍ ሲሄድ ዳይሬክተሩም ተለወጠ፤ እነዚያ ሥዓሊዎችም በየፊናቸው ሥራ ይዘው ነበር። «ማድሃውስ ቢሠራው ኖሮ» የሚለው ቁጭት እንግዲህ ግማሽ እውነት ነው። ስቱዲዮው ቢመለስ ሰዎቹ ይመለሳሉ ማለት አይደለም።

ከዚህ በተቃራኒ የሚቆመው አስተያየት ቀላል አይደለም። ተመልካች የኮሚቴን አሠራር የማወቅ ግዴታ የለበትም፤ የቀረበለትን ማዕድ ይቀምሳል፣ ጨው ካነሰውም አንሶታል ይላል፤ ወጥ ቤቱ ስለ መጨናነቁ ሊነገረው አይገባም። ይህ ተገቢ መከራከሪያ ነው፤ ትዕይንቱ ደካማ ነው ማለትም የተመልካች መብት ነው። ችግሩ የሚመጣው ጣት ወደ አንድ ሰው ሲቀሰር ነው። በዚሁ የሦስተኛ ምዕራፍ ሁካታ የምዕራፉ ዳይሬክተር ከደረሰባቸው ውርጅብኝ የተነሣ የኤክስ ገጻቸውን እስከ መዝጋት ደርሰዋል፤ የጊዜ ሰሌዳውን የወሰኑት ግን እሳቸው ብቻ አልነበሩም።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። ያማረ ሥዕል ጥሩ የሥራ ሁኔታ እንደነበረ አያረጋግጥም። እ.ኤ.አ. በ2023 «ጁጁትሱ ካይሰን» ሁለተኛ ምዕራፉ ሲተላለፍ በሥራው ላይ የነበሩ ሥዓሊዎች የጊዜ መጣበቡን በይፋ እያማረሩ ነበር፤ ተመልካቹ ደግሞ በዚያው ሳምንት ክፍሎቹን በአድናቆት ያወድስ ነበር። ድካሙ ማያ ገጹ ላይ አልታየም። በአንጻሩ ኪዮቶ አኒሜሽን ሥዓሊዎቹን በወር ደመወዝ ቀጥሮና ራሱ አሠልጥኖ በመሥራት ይታወቃል፤ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 18 ቀን 2019 በደረሰበት የእሳት ቃጠሎ ጥቃት 36 ሰዎች ሲሞቱ በዓለም ዙሪያ የተሰማው ሐዘን የከበደው ለዚህም ጭምር ነው፤ የጠፉት በአንድ ጣሪያ ሥር ለዓመታት አብረው ያደጉ ባለሙያዎች ነበሩ።

የቆመ ሥዕል ሁሉ ድህነት አለመሆኑንም ማንሣት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በጀመረው «ፍሪረን» ውስጥ ገጸ ባሕርያት ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ ነፋስ ሣሩን ብቻ ያነቃንቃል። ያ ዝምታ ከሺህ ዓመት በላይ የኖረች ፍጡር ጊዜን የምትለካበት መንገድ ስለሆነ ማንም «ወርዷል» አላለውም።

ነጥቡ የሚቆጥረው ማንን ነው?

ክርክር ሲጦፍ መጨረሻ ላይ የሚመዘዘው ሰይፍ ቁጥር ነው፤ «ይኸው 8.7 አለው» ይባላል። ማይአኒሜሊስትን የመሰሉ ገጾች ከ1 እስከ 10 የተሰጠውን ነጥብ ይሰበስባሉ፤ ጥቂት ሰዎች ብቻ ያዩት ሥራ አናት ላይ እንዳይወጣም የድምፅ ሰጪዎቹን ብዛት በስሌቱ ውስጥ ያስገባሉ። ስሌቱ የማያርመው ግን አንድ ነገር አለ፤ ማን ትቶ እንደሄደ አያውቅም።

በምሳሌ እንየው። 100 ሰዎች የአንድን ተከታታይ የመጀመሪያ ምዕራፍ አዩ እንበል። 60ዎቹ ወደውት 9 ሰጡ፤ 40ዎቹ አልጣማቸውምና 5 ሰጡ። አማካዩ 7.4 ይሆናል። ሁለተኛው ምዕራፍ ሲመጣ እነዚያ 40 ሰዎች አይመለሱም፤ የማይወዱትን ማን ይከተላል? የቀሩት 60 ሰዎች አዲሱ ምዕራፍ ከፊተኛው ትንሽ አንሶባቸው 8.5 ሰጡ። አማካዩ 8.5 ሆነ። እያንዳንዱ ተመልካች ሥራው መድከሙን እየተናገረ ቁጥሩ ግን ከአንድ ነጥብ በላይ ወጣ። በደረጃ ሰንጠረዦች አናት ላይ የረጅም ተከታታዮች የመጨረሻ ምዕራፎች የሚበዙት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። የ«ዋን ፓንች ማን» ሦስተኛ ምዕራፍ ውድቀት ልዩ የሆነውም ስለዚሁ ነው፤ ስድስት ዓመት የጠበቀው ወዳጅ ራሱ ነው ዝቅተኛውን ነጥብ የሰጠው።

ከዚህ በላይ ደግሞ የቡድን ስሜት አለ። «ፍሪረን» ለብዙ ዓመታት ቀዳሚ የነበረውን «ፉልሜታል አልኬሚስት፦ ብራዘርሁድ» ሲያልፍ፣ አንዱን ለማስቀደም ሌላውን በ1 ነጥብ ለመጣል የሚደረግ ፉክክር ነበር። ገጾቹ እንዲህ ያለውን ድምፅ ለማጣራት ይሞክራሉ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይሳካላቸውም። በሽልማትም ላይ ተመሳሳይ ውዝግብ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2025 አኒሜ በኢንተርኔት የሚያሳየው ድርጅት ክራንቺሮል በሚሰጠው ሽልማት «ሶሎ ሌቨሊንግ» የዓመቱ ምርጥ አኒሜ ሲባል፣ «ፍሪረን» ተበድሏል ያሉ ብዙ ነበሩ። ሽልማቱ የሕዝብ ድምፅ ያለበት ስለሆነ ብዛትን ይመዝናል፤ «ሶሎ ሌቨሊንግ» ደግሞ ከአኒሜ ጋር ብዙም ትውውቅ የሌለውን ሰው ሳይቀር የሳበ ሥራ ነው። ብዙ ሰው ወዶታል የሚለውና ጥልቀት አለው የሚለው ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ የመጀመሪያውን በቁጥር መመለስ ይቻላል፤ ሁለተኛውን አይቻልም።

አንድ ክፍል፣ ብዙ ቅጂ

በሰሜን ሸዋ ከተሞች አኒሜ የሚደርስበት መንገድ ከሁሉ ያነሰ ትኩረት የተሰጠው፣ ነገር ግን አስተያየትን ከሁሉ በላይ የሚቀርጽ ጉዳይ ይመስላል። በወር እየተከፈለ በሕጋዊ መንገድ መመልከት የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ስለሚጠይቅ ለአብዛኛው ወጣት ዝግ በር ነው። ስለዚህ ሥራው የሚመጣው በቴሌግራም፣ ከጓደኛ ሃርድ ዲስክ፣ ወይም ፊልም ከሚጫንበት ሱቅ በፍላሽ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ ደግሞ ፍላሹ ከአማራጭነት አልፎ ብቸኛ መንገድ የሆነባቸው አካባቢዎች ነበሩ።

የፍላሽ ተመልካች ሳምንት አይጠብቅም። በአንድ ፎልደር ከ1 እስከ 12 የተደረደረውን ክፍል በሁለት ምሽት ይጨርሳል። ይህ በፍርድ ላይ የሚያመጣው ልዩነት ቀላል አይደለም። በየሳምንቱ የሚያይ ሰው በመካከሉ ስድስት ቀን አለው፤ ይገምታል፣ ይከራከራል፣ አንድ ደካማ ክፍል ሲገጥመው ሳምንቱን ሙሉ ያኝከዋል። በአንድ ጊዜ የሚያይ ሰው ግን ደካማውን ክፍል በሃያ ሁለት ደቂቃ ተሻግሮት ይሄዳል። በሌላ በኩል የዘገየ ታሪክና ተደጋጋሚ ትዝታ በተከታታይ ሲታይ ይጎላል፤ በ«ናሩቶ» ፊለሮች ላይ ያለው ምሬት ከሳምንታዊ ተመልካች ይልቅ በአንድ ጊዜ በሚያየው ዘንድ የሚብሰው ለዚህ ነው።

በየሳምንቱ መከታተል ለሚችለው ደግሞ አንድ የሚያስገርም አጋጣሚ አለ። ጃፓን በሰዓት አቆጣጠር ከእኛ ስድስት ሰዓት ትቀድማለች፤ እኛ ደግሞ ሰዓትን ከሌላው ዓለም ስድስት ሰዓት ዘግይተን እንቆጥራለን። ሁለቱ ሲደመሩ አሥራ ሁለት ይሆናሉ። በቶኪዮ ሰዓቱ ማታ 11:30 ሲል ደብረ ብርሃንም 11:30 ነው፤ ልዩነቱ እዚያ እኩለ ሌሊት ሊሆን ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ እዚህ ፀሐይ አልጠለቀችም፤ ብርዱ ግን ጀምሯል። ለሌሊት ተመልካች የተሰናዳ ሥራ እዚህ ትምህርት ቤት ከተለቀቀ በኋላ፣ እራት ሳይቀርብ ይደርሳል ማለት ነው።

የቅጂው ጥራት ሌላው ጉዳይ ነው። ፋይሉ እንዲያንስ ሲጨመቅ ኮምፒውተሩ ከአንዱ ፍሬም ወደ ሌላው ያልተለወጠውን እንዳለ ያስቀምጣል፤ የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። ቆሞ የሚነጋገር ሰው በትንሽ ቦታ ይቀመጣል፤ ዝናብ፣ በረዶ፣ የእሳት ብልጭታ፣ ፈጣን ፍልሚያ ግን ሁሉ ነገራቸው በየቅጽበቱ ስለሚለወጥ ቦታው አይበቃቸውም፤ ምስሉ ወደ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይበታተናል። እንግዲህ በጨመቃው በጣም የሚጎዳው ሥዓሊዎቹ በጣም የደከሙበት ትዕይንት ነው። በስልክ የወረደ 360ፒ ቅጂ ያየ ሰው ፍልሚያው ጭጋግ ነው ቢል አልዋሸም፤ በትልቅ ማያ ገጽ ያየውም ግሩም ነው ቢል አልዋሸም። ከሲኒማ ቤት በካሜራ ተቀርጾ የሚወጣው ቅጂማ ከናካቴው ስለ ሥዕል ለመፍረድ አይበቃም።

ልዩነት የሚፈጥረው ጨመቃ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 16 ቀን 1997 «ፖኬሞን» ላይ በታየ ፈጣን የብርሃን ብልጭታ ምክንያት ከ600 በላይ ሕፃናት ታመው ሆስፒታል ከገቡ ወዲህ የጃፓን ጣቢያዎች ብልጭታ ያለበትን ትዕይንት አደብዝዘው ያስተላልፋሉ፤ በኋላ በዲስክ ሲሸጥ ግን ብርሃኑ ይመለሳል። በጥድፊያ የወጡ ሥዕሎችም ለዲስኩ ሲሉ እንደገና የሚሣሉበት ጊዜ አለ። በሚያዝያ ከቴሌቪዥን የተገለበጠውን ያየና በዓመቱ ከዲስክ የተገለበጠውን ያየ ሁለት ጓደኛሞች «ሥዕሉ ጨለማ ነው»፣ «የለም፣ ጥርት ያለ ነው» ሲባባሉ ቢያመሹ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ሦስተኛው መንገድ «የፊልም ታሪክ ባጭሩ» እየተባለ በአማርኛ የሚተረከው ነው። የትርጉም ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ፈጥኖ ማንበብ ለማይቀናው ተመልካች ይህ ትረካ እውነተኛ ጥቅም አለው፤ ወደ ዘርፉ የገቡ ብዙዎች የገቡት በእሱ በኩል ነው። የሚከሰው ሰው ትረካው ሥራውን ይገድላል ይላል፤ የሚደግፈው ደግሞ ምንም ካለማወቅ ይሻላል ይላል። ሁለቱም የሚዘሉት ነጥብ ግን አለ። ትረካ የሆነውን ይናገራል፤ እንዴት እንደሆነ ግን አያሳይም። «አታክ ኦን ታይታን»ን እንውሰድ፤ ማንጋው እ.ኤ.አ. በ2021፣ አኒሜው በ2023 ሲያበቁ የዋናው ገጸ ባሕርይ የኤረን የመጨረሻ ውሳኔ አድናቂውን ለሁለት ከፍሎታል። አሥር ዓመት የተጓዘውን ታሪክ በሃያ ደቂቃ ለሰማ ሰው ውሳኔው እብደት ብቻ ይመስላል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የተከተለው ሰው ባይቀበለው እንኳ ከየት እንደመጣ ያውቃል። በፍጻሜው ላይ ያለውን አስተያየት ከመመዘን በፊት ተናጋሪው በየትኛው መንገድ እንደደረሰበት መጠየቅ ያስፈልጋል።

አጫጭር ፊልሞች ለምን ጸብ አያስነሡም?

ይህ ሁሉ ሁካታ በአጫጭር የአኒሜሽን ፊልሞች ዙሪያ አይሰማም። የኦስካር ሽልማት አጭር የሚለው ከ40 ደቂቃ የማይበልጠውን ነው። የኩኒዮ ካቶ «ከትናንሽ ኩቦች የተሠራ ቤት» 12 ደቂቃ ነው፤ ውኃው ከፍ ባለ ቁጥር በቤቱ ላይ ሌላ ቤት የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ፒፓው ሲወድቅበት ሊያወጣት ይጠልቃል፤ በየፎቁ ያለፈ ዕድሜውን ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2009 ኦስካር አግኝቷል። በ2025 ያሸነፈው የኢራናውያኑ የሺሪን ሶሃኒና የሆሴን ሞላየሚ «በጥዱ ጥላ ሥር» ደግሞ 20 ደቂቃ ሲሆን ጦርነት አእምሮውን የጎዳው አባትና ልጁ በባሕር ዳርቻ የወደቀ ዓሣ ነባሪ ሲያገኙ ያሳያል። በሁለቱም ውስጥ አንድም ንግግር የለም።

ንግግር አለመኖሩ ለእኛ ተመልካች ትልቅ ነገር ነው፤ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ አይጋርደውም፤ ባጭሩ የሚተርክለትም አያስፈልገውም። የሚጠበቅ ቀጣይ ምዕራፍ የለም፤ ከፊተኛው ጋር የሚነጻጸር ነገር የለም፤ ወገን የሚለይበት ጊዜም የለም። አስተያየቱም ስለዚህ «ወርዷል» ወይም «ወጥቷል» ሳይሆን «ምን ማለቱ ነው?» ይሆናል፤ በአንድምታ ትርጓሜ «አንድም» እያሉ ሁለትና ሦስት ፍች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ለለመደ ባህል ይህ እንግዳ ጥያቄ አይደለም።

አጭር ፊልም ለሠሪውም መግቢያ በር ነው። ማኮቶ ሺንካይ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡትን የ25 ደቂቃ ፊልም በቤታቸው ኮምፒውተር ለብቻቸው በሚባል ደረጃ ነው የሠሩት። በ2023 በዲዝኒ ፕላስ የወጣው «ኪዛዚ ሞቶ» አሥር አጫጭር ፊልሞችን የያዘ ሲሆን ከደቡብ አፍሪካ፣ ከዚምባብዌ፣ ከኡጋንዳ፣ ከናይጄሪያ፣ ከኬንያና ከግብፅ የመጡ ዳይሬክተሮች ሠርተውታል። ከኢትዮጵያ የለበትም። በአገር ውስጥ «ጥበብ ገርልስ»ን የመሰለ የአኒሜሽን ተከታታይ ተሠርቷልና ሙያው ጨርሶ የለም ማለት አይቻልም፤ አሥራ ሁለት ክፍል የሚሸከም ኮሚቴ በሌለበት አገር ግን ከአሥር ደቂቃ መጀመር ከምኞት ይልቅ ለስሌት የቀረበ ነው።

ቀጥሎ የሚጠበቀው

የአኒሜ ገበያ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ3 ትሪሊየን የን በላይ ሲሆን ከግማሽ የሚበልጠው ገቢ ከጃፓን ውጭ የተገኘ ነበር። ከውጭ የሚመጣው ገንዘብ ሲበዛ የውጭ ተመልካች ድምፅም ይሰማል፤ የሚሰማው ግን በከፈለው መጠን ነው። በፍላሽ የሚያየው የሰሜን ሸዋ ተመልካች በገቢው ውስጥ የለም፤ ነጥብ ሲሰጥ ግን እንደ ማንኛውም ሰው ይቆጠራል። ኮሚቴው የትኛውን እንደሚያይ መገመት አይከብድም፤ ነጥቡን ሳይሆን ሽያጩን ነው። ስለዚህ የ«ዋን ፓንች ማን» ቁጣ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ይሆናል፤ ለውጥ የሚመጣው ጥድፊያው ራሱ ገቢ ማሳጣት ሲጀምር ነው።

ምልክቱ በሌላ በኩል እየታየ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በየሳምንቱ ሳያቋርጥ በሚባል ደረጃ ሲተላለፍ የኖረውና ከ1,100 ክፍል ያለፈው «ዋን ፒስ» እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ በዓመት ከ26 ክፍል እንዳይበልጥ ተወስኗል። ለሥዓሊዎቹ ይህ ትንፋሽ ነው። እስከ አሁን የማንጋውን አንድ ምዕራፍ ሳይጨርስ የሚያልቀው ክፍል የተመልካቹ ዋና ስሞታ ነበር፤ «ሁለት ሰው ሲተያይ አሥር ደቂቃ» ይባልበታል። አሁን የሚቀረው ስሞታ ሌላ ነው፤ ግማሹን ዓመት የሚዘልቀው ባዶ ጊዜ። ፎልደሩን ሞልቶ ለሚያስጭነው ተመልካች ግን ያ ባዶ ጊዜ አይታየውም፤ ለእሱ የሚለወጠው ሁለቱ ሰዎች የሚተያዩበት ደቂቃ ማጠሩ ብቻ ነው።